ልጄ ባዶ አይደለችም

በሕይወቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ደወሉ ተበላሽቶ ልጠግን ተጠርቼ። ጠገንኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ ተማሪው ሲገባ ሲወጣ የኖረው በእኔ ደወል ስለሆነ፣ ለትምህርት ከመምህራኑ ያላነሰ አገልግያለሁ ብል ሐሰት አይሆንም። ሬዲዮ መጠገንም ማንም አላስተማረኝም። አንዱን ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ጥቂት ብሎን ተረፈኝ፣ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ የበለጠ ጮኸ። ፋብሪካው ብሎን ያባክን እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው። «ከምግብ በኋላ» እና «ሕፃናት ከማይደርሱበት ያስቀምጡ» የሚሉትን እንደ እኔ አጥርቶ የሚናገር እንግሊዛዊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። መኩራራት ብፈልግማ ገና አልጀመርኩም።

የምነግራችሁ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት የተሸከመን ሰው አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ምን እንደምታደርገው እንድታዩ ነው።

የምኖረው ናይሮቢ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ሮንጋይ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በደቡብ በኩል ያለ ዳር። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ሰናይት «ብቻህን አሰላ አትቀመጥም» ብላ አመጣችኝ። ሮንጋይ ማለት ናይሮቢ የሚሠራ ሰው የሚያድርበት አገር ነው። ሰዉ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ይሄዳል፣ ጨለማ ለብሶ ይመለሳል። ቀን ቀን እዚያ የምንቀረው ዶሮ፣ የተሰጣ ልብስና እኔ ነን። ሰዉ ለአከራይ የሚከፍለው ለአልጋው ብቻ ነው፤ ኑሮውን የሚኖረው ማታቱ ውስጥ ነው። ማታቱ የእኛ ሚኒባስ ታክሲ ወንድም ነው። ልዩነቱ የእኛው ሲጭን ብቻ ሲጮኽ የሮንጋዩ ሲሄድም ሲቆምም መጮኹ ነው። እላዩ ላይ የማላውቃቸው ዘፋኞች ፊት ተስሏል፤ ውስጡ እንደ ጭፈራ ቤት አረንጓዴና ሐምራዊ መብራት ይበራበታል። የተሳፈረው ሰው ወደ ሥራ እየሄደ ይሁን ከሠርግ እየተመለሰ በመብራቱ አትለዩትም። ፊቱን ስታዩ ግን ትለያላችሁ።

ሰናይት ኢስትሊ ውስጥ፣ ወይዘሮ ጽጌ የምትባል የአገራችን ሴት ጨርቅ በጅምላ የምታከፋፍልበት መደብር ሂሳብ ያዥ ነበረች። ከሮንጋይ አንድ ማታቱ ይዛ መሐል ከተማ ትወርዳለች፣ ግፊያውን በእግሯ ታቋርጣለች፣ ከዚያ ሌላ ማታቱ ይዛ ኢስትሊ ትገባለች። ማታ ያንኑ ወደኋላ። ዝናብ ከጣለ የመሳፈሪያው ዋጋ እጥፍ ይሆናል፤ ሰማዩ ከማታቱ ባለቤቶች ጋር ሽርክና እንዳለው እጠረጥራለሁ። ደመወዟ ሲመጣ ለሦስት ይካፈላል፤ ለአከራዩ፣ ለማታቱ፣ ለእኛ። እኛ ሁልጊዜ የሚደርሰን ከድስቱ ሥር ነው።

ቤት ከመዋል ብዬ ስዋሂሊ ተማርኩ። እንደ ልማዴ ያለ አስተማሪ። ብዙም አልፈጀብኝም፤ ምክንያቱም ሌላው ያላየውን ነገር አየሁ። ስዋሂሊ አቧራ የለበሰ አማርኛ ነው። ሂሳብን ሄሳቡ ይሉታል። ሳሙናን ሳቡኒ፣ ስኳርን ሱካሪ፣ ደቂቃን ዳኪካ፣ ብርድን ባሪዲ። ሰዓቱንም ቢሆን እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። እንግዲህ ምን ቀረ? አቧራውን ማራገፍ ብቻ።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አቶ ተኽለ የሚባል ኤርትራዊ ይኖራል። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ተምሮ አማርኛውን እስከ ዛሬ ሳይሸራረፍ የያዘ፣ ናይሮቢ የገባው ጸጉሩ ጥቁር ሳለ የሆነ ሰው ነው። ይህን ግኝቴን ስነግረው ጺሙን አሻሸና፣ «ወዳጄ፣ ዘመዳሞች አይደሉም። ከአንድ ዐረብ ሱቅ በዱቤ የወሰዱ ጎረቤታሞች ናቸው። ጎረቤትህ እንዳንተ ዓይነት ኮት ስለገዛ ወንድምህ ነው ማለት አይደለም» አለኝ። ቅናት መሆኑ ገባኝና አዘንኩለት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ቋንቋ ሌላው በጥቂት ወራት ሲያስገብረው ቢቀና አይፈረድበትም።

አንድ ጊዜ ብቻ መሰናከሌን አልደብቅም። ማታቱ ውስጥ ረዳቱ «ምዜ፣ ሹካ» አለኝ። ምዜ ማለት ሽማግሌን በአክብሮት ሲጠሩ ነው፤ እሱ ትክክል ነበር። «ሹካ፣ ሹካ ሃራካ» እያለ ጣቱን ሲቀስርብኝ፣ የሰው ሹካ ሰርቆ ተሳፍሯል እያለኝ መሰለኝ። ተቆጣሁ። ዘንቢሌን ገልብጬ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ የጥገና ዕቃዬን መተላለፊያው ላይ ዘረገፍኩ፤ ኪሶቼንም ገልብጬ አሳየሁ። ሰዉ በሳቅ ተንፈራፈረ። ለካ ሹካ ማለት ውረድ፣ ሃራካ ማለት ቶሎ ኖሯል። ስህተቱ ግን የእኔ አልነበረም፤ ማንም ራሱን የሚያከብር ቋንቋ የመብያ ዕቃን መውረጃ አያደርግም። ቲማቲሙን የለቀመልኝ ያው ረዳት ነው።

«ባዶ»ን ግን አረጋግጬ ነው የያዝኩት። መነሻው ላይ ማታቱ ቆሞ ሳለ ልንሄድ ነው ወይ ስትሉት ረዳቱ «ባዶ» ይላችኋል። ገባ ብዬ አያለሁ፤ እውነትም ወንበሩ ባዶ ነው። ሲሞላ «ባዶ» ማለቱን ትቶ ይሄዳል። ደግሜ ደጋግሜ ፈተንኩት፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ሳይንቲስት ነኝ የሚሉ ሰዎች ከዚህ ባነሰ ማስረጃ መጽሐፍ ይጽፋሉ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ሰናይት ለሥራ ማመልከቷን የነገረችኝ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነው። ሩንዳ የሚባለው የዲፕሎማቶች ሰፈር ውስጥ ማማ ዋይሪሙ የምትባል ኬንያዊት የእንግዳ ማረፊያ ቤት አላት፤ ሂሳቡን የሚይዝና ሠራተኞቹን የሚቆጣጠር ሰው ትፈልጋለች። ደመወዙ ከኢስትሊው ይሻላል። ትልቁ ነገር ግን ከግቢው ጀርባ ለሁለታችን የምትበቃ ክፍል መኖሯ ነበር። አከራይ የለም፣ ማታቱ የለም።

«አባዬ፣» አለችኝ፣ «ከአልጋዬ ተነሥቼ ሥራዬ ጋ በነጠላ ጫማ ነው የምሄደው። ቤቴን በፀሐይ አየዋለሁ።»

እኔ ምኞት አላበዛም፤ ያን ምሽት ግን ፊቷን ሳይ ቤቷን በፀሐይ ያላሳየኋት እኔ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ቃለ መጠይቁ ጥሩ እንደነበርና ማማ ዋይሪሙ አስባበት በስልክ እንደምታሳውቃት ነገረችኝ። ስልኩ የእኔ ነው። የሰናይትን ስልክ በዚያው ሰሞን መንገድ ተዘጋግቶ ማታቱ ሲቆም አንዱ በመስኮት እጁን አስገብቶ ከጆሮዋ ላይ ነጥቋት ነበርና የሰጠችው የእኔን ቁጥር ነው። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ብታውቅም ስዋሂሊ እንደሚቀናት ስትነግረኝ ሳቅሁ። እኔ እያለሁ? ያን ቀን ስልኬን በአልኮል ወለወልኩት።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላው ተከተለ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተደወለ። ድምፅዋ የሰከነ የእመቤት ድምፅ ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ በሰላምታ ማንም አይበልጠኝም። ስሟን ነገረችኝና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«ሰናይት አሜፓታ ካዚ፣ አማ ባዶ?»

አንባቢ ሆይ፣ እንደ እኔ ሆነህ ስማው። ካዚ ሥራ ነው፤ ይህን ሮንጋይ ያለ ድመትም ያውቃል። አሜፓታ የምትለዋን ለጊዜው ዘለልኳት፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቃል መዝለል የተፈቀደ ነው። የቀረው ግን ያለ አቧራ ንጹሕ አማርኛ ነው። አማ። ባዶ። ሰው አማ! ሰናይት በሥራ በኩል ባዶ ናት ብሎ አንድ ሰው አምቷታል፤ ሴትዮዋም በጨዋ ደንብ እውነት መሆኑን ትጠይቀኛለች። ማን እንዳማት ለማወቅ ጊዜ አልወሰደብኝም። ወይዘሮ ጽጌ ናት። ሂሳብ ያዥዋ እንዳታመልጣት ሩንዳ ድረስ መርዝ ልካለች።

ደሜ ፈላ። ስለ እኔ የፈለጉትን ይበሉ፤ ሌሊት ተነሥታ አገር አቋርጣ ቤት የምትመራ ልጄን ባዶ የሚላት ግን የለም።

«ሀፓና ባዶ» አልኳት። ሀፓና ማለት አይደለም ማለት ነው። «ሰናይት ሀፓና ባዶ። ሰናይት ካዚ ኩብዋ። ካዚ ምንጊ ሳና።» ባዶ አይደለችም፣ ሥራዋ ትልቅ ነው፣ ሥራዋ እጅግ ብዙ ነው ማለቴ ነው። ስዋሂሊዬ እንደዚያ ቀን ተንደርድሮ አያውቅም።

ሴትዮዋ ረጋ ብላ «አሃ። ሆንጌራ። ባሲ፣ ሆንጌራ ሳና» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ባሲ «በቃ» ነው፤ ሆንጌራንም አውቃታለሁ። ልጅ ሲመረቅ፣ ሙሽራ ሲያልፍ የሚሉት ነው። እንኳን ደስ አላችሁ።

እኔም እንኳን ደስ ያለን ብዬ ለብቻዬ ቆሜ አጨበጨብኩ። ደረጃውን ወጥቼ ለአቶ ተኽለ ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ «ሆንጌራ ከማለቷ በፊት የጠየቀችህ ምን ነበር?» አለኝ። የሚፈልገው ገባኝ። ትርጉሜን ሊያርምልኝ ነው። ውይይቱ የቤተሰብ ምስጢር መሆኑን ነግሬው ወረድኩ። ለዚህ መልሴ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ያህል እንቅልፍ አጣለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት የማጣው በሌሎቹ ምክንያቶች ነው።

ሰናይት ስትገባ ገና በሩ ላይ አበሰርኳት። ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ቀረች።

«ምን አለች? ቃል በቃል።»

«ሆንጌራ ሳና አለች። ስላንቺ የተወራውን ሁሉ አስተባብዬ አስረዳኋት።»

«ምን ተወራ?»

«እሱን ተይው፣ አልቋል።»

«መቼ ጀምሪ አለች?»

መቼ እንደሆነ አላለችም። አላለችም ብል ደግሞ ሳልጠይቅ ስልክ የዘጋሁ ሞኝ ልባል ነው። በዓለም ላይ ሥራ የሚጀመረው ሰኞ መሆኑን ማንም ያውቃል።

«ሰኞ» አልኳት።

ሰናይት ከሥራ ቦታዋ የሰው ስልክ ለምና ማማ ዋይሪሙ ጋ ደወለች፤ አልተነሣም። በማግስቱም ደወለች፣ አልተነሣም። ትልቅ ሰው ሥራ ይበዛበታል ብዬ አጽናናኋት። ቅዳሜ ለወይዘሮ ጽጌ ልትለቅ መሆኗን ነገረቻት። ጽጌም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ለዚህ ወንበር የተሰለፈ ሰው ብዙ መሆኑን፣ ሰኞ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥበት ብቻ ነገረቻት አሉ። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ ባለ ዝምታ እንዲያልፍ አልፈለግሁም። ሰናይት ገና መንገድ ላይ ሳለች ጽጌ ጋ ደወልኩና ሐሜት እንጀራ እንደማይሆን፣ ሩንዳ ድረስ የላከችው መርዝ በእኔ ስዋሂሊ መክሸፉን፣ ልጄም ከዛሬ ጀምሮ የእሷን ጨርቅ እንደማትቆጥር በተመረጠ አማርኛ አስታወቅኋት። ጽጌ ታግሣ ሰማችኝና «አባባ፣ ጤናዎን ነው?» አለች። የተሸነፈ ሰው እንዲያ ነው የሚለው ብዬ ዘጋሁ።

ሰኞ ማለዳ ሁለታችንም ተነሣን። ሰናይት ለሠርግ የምትለብሰውን ኮት ለበሰች፤ ልብሷን በትንሽ ሻንጣ ያዘች። እኔ የጥገና ዕቃዬንና ሬዲዮዬን ያዝኩ፤ ማረፊያ ቤት ውስጥ የሚበላሽ ነገር አይጠፋም፣ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ዝናብ ስለጣለ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቀን። ማታቱ መንገድ ተዘጋበት፤ ጎማው ከሚዞረው ይልቅ ሙዚቃው ይሠራ ነበር። ሰናይት በየቀኑ የምትሄድበትን መንገድ በዚያ ሰዓት ያየሁት ያን ቀን ነው። ቆሞ የሚያንቀላፋ ሰው አየሁ። ፊቷን የምትቀባ ሴት አየሁ፤ ማታቱ ሲነጥር እርሳሱ ዐይኗ ውስጥ ሊገባ ይደርስና እሷ ግን አትደነግጥም፤ ለምዳዋለች። መሐል ከተማ ወርደን በዝናብ አቋረጥንና ወደ ሩንዳ መገንጠያ የሚወስደውን ሌላ ማታቱ ያዝን። ሰናይት እንደተቀመጠች አንገቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ተኝታም ሻንጣዋን አልለቀቀችም።

መንገዱን ስለማላውቅ ረዳቱን «ሩንዳ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ባዶ፣ ምዜ» አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ለሁለት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ ሦስት ተቀምጧል። መተላለፊያው ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ረዳቱ ራሱ ግማሽ ሰውነቱ በር ላይ ነው፤ የሚገባበት የለም። ይህ ባዶ ከሆነ ሙሉ ምን ሊመስል ነው? ምናልባት የሹፌሩ ጭንቅላት ይሆናል ባዶው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠየቅሁ።

«ባዶ፣ ባዶ።»

በሌላ ጎኔ የነርስ ልብስ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ሰናይት እንዳትነቃ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በብልቃጥ እንግሊዝኛዬ «ባዶ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ «ገና» ማለት ነው አለችኝ። ገና አልደረስንም ማለቱ ነው።

«አማ»ስ?

«ወይስ» ማለት ነው አለችኝ።

«አሜፓታ»ስ ብዬ መጠየቄን ባልወደድኩ፤ ግን ጠየቅሁ። አግኝታለች ማለት ነው።

እንግዲህ ቃላቱን አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። ሰናይት ሥራ አግኝታለች፣ ወይስ ገና? እኔስ ምን መለስኩ? ገና አይደለም። ሰናይት ትልቅ ሥራ አላት። ሥራዋ እጅግ ብዙ ነው። እሷስ? እንኳን ደስ አላት።

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኮራበት አእምሮ በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚቆም ልነግራችሁ አልችልም። ልጄ ትከሻዬ ላይ ትተነፍሳለች። ልቀስቅሳት አልኩ፤ ልተዋት አልኩ። ምናልባት ሴትዮዋ ሌላ ሰው አላገኘች ይሆናል አልኩ። ምናልባት አሁንም ቦታው፣ ይቅር በሉኝ፣ ባዶ ይሆናል። ጸለይኩ። ማታቱ እንዳይደርስ ደግሞ ጸለይኩ፤ ይህንን ጸሎት ናይሮቢ ውስጥ መንገዱ ራሱ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ግን ለክፋቱ ተከፈተ።

ሩንዳ ውስጥ ማታቱ አይገባም። ከዋናው መንገድ በአጥርና በአበባ መካከል በእግር ነው የሚኬደው። ሰናይት እንቅልፏ ለቋት እየፈጠነች ክፍላችን ውስጥ አልጋዬን የት እንደምታደርገው ትነግረኛለች። በመስኮት በኩል፣ ለሬዲዮው እንዲስማማ። እኔ ጫማዬን እያየሁ እከተላለሁ።

ማማ ዋይሪሙ እስከ በሩ ድረስ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ያ ነው የገደለኝ። ሰናይትን አቀፈቻትና ትልቅ ሥራ ማግኘቷን አባቷ ሲነግራት እንደተደሰተች፣ ልትጎበኛት መምጣቷም እንዳስደነቃት ነገረቻት። ከኋላዋ ቁልፍ በወገቧ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ወደ ጀርባው ግቢ አለፈች። ሰናይት ባለ ቁልፏን አየች፣ ሻንጣዋን አየች፣ እኔን አየች።

«አባዬ፣ ምን አልካት?»

ነገርኳት። በአማርኛ ነገርኳት፤ ሴትዮዋ እንዳትሰማ ሳይሆን ሌላ ቋንቋ ስላልቀረኝ። ሰናይት አልጮኸችም። እንባም አልመጣባትም። ለማማ ዋይሪሙ በሚያምር ስዋሂሊ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ በዚህ ሲያልፉ ሰላም ሊሏት እንደሆነ ነገረቻት። ከበሩ ወጣችና መንገዱ ዳር ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው ሽማግሌ አይቁም ብሎ ለእኔ ወንበር አወጣልኝ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩትን ያህል በምንም ነገር ላይ ተቀምጬ አላፈርኩም።

ስንመለስ እስከ ሮንጋይ አላነጋገረችኝም። ቁጣ ቢሆን እቋቋመው ነበር፤ ቁጣን በቁጣ መመለስ አውቃለሁ። እሷ ግን ከመሐል ከተማ ማታቱ ስንሳፈር በመስኮቱ በኩል እንዳልሰረቅ ወደ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠችኝና ስልኬን ኪሴ ውስጥ ገፋችው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ ዞረች። ኪሌሌሽዋ ያሉ ምግብ ቤቶች፣ መሐል ከተማ ያሉ መደብሮች። እየጠየቀች ትመለሳለች፤ ለመጠየቂያው መሳፈሪያ ትከፍላለች። ሥራ የሌለው ሰው ከሠራተኛው ይልቅ ማታቱን ያከብራል። አቶ ተኽለ አንድ ማለዳ ከላይ በድስት ሽሮ ላከልን። «ተሳሳትክ» ሊለኝ ይችል ነበር፤ አላለም። ሽሮው ጨው ቢበዛበት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አልበዛበትም።

በመጨረሻ ለሰናይት ሳልነግራት ኢስትሊ ሄድኩ። ጽጌ መደብሯ ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ተቀምጣ አገኘኋት። መንገድ ላይ ሳለሁ ሰበቤን አዘጋጅቼ ነበር፤ የስዋሂሊ ጠባይ፣ የመስመሩ መቆራረጥ፣ የሴትዮዋ አጠያየቅ። እሷ ፊት ስቆም ግን ሁሉም በአማርኛ መናገር ያለበት ሆነ፤ በአማርኛ ደግሞ የምታመካኝበት ቃል የለም።

«ጽጌ፣» አልኳት፣ «የሰደብኩሽ እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም። አንቺም ያማሻት ነገር የለም።»

ትንሽ አየችኝ። ወንበር አላቀረበችልኝም፤ ልክ ናት። ከዚያ አንድ በአንድ ተናገረች። ሰምቼ እጅ ነሥቼ ወጣሁ፤ የመልሱን መንገድ እንዴት እንደሄድኩ አላውቀውም።

ሰናይት ቤት ገብታ ልብስ ታጥፋለች።

«ጽጌ ጋ ሄጄ ነበር» አልኳት። «ተመለሺ ብላሻለች። ነገሩ አልቋል።»

እጇ ቆመ። የእኔን ፊት ትኩር ብላ አየችና የታጠፈውን ልብስ ጎኗ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ትርጉሙ ይቅር። ያለችውን ብቻ ንገረኝ።»

«በአማርኛ እኮ ነው የተናገረችው።»

«አውቃለሁ። ቃሉን ስጠኝ። ትርጉሙን እኔ አወጣዋለሁ።»

ቆምኩና እንደወጣ ነገርኳት። «ልጅዎ ያጠፋችው የለም። ወንበሩ ግን ሰው ተቀምጦበታል። ሱቁ ላይ ቆማ ጨርቅ የምትዘረጋ ሰው እፈልጋለሁ። የድሮውን ደመወዝ አታስብ። ከፈለገች ትምጣ።»

«ከፈለገች ነው ያለችው? ወይስ ትምጣ ብቻ?»

«ከፈለገች ትምጣ።»

ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልዘለልኩም። ሰናይት ግድግዳውን እያየች «ከፈለገች» አለች ለራሷ፤ ቃሉን አፏ ውስጥ አገላብጣ እንደምትቀምሰው ዓይነት።

«ይህ ምን ማለት ይመስልሃል?» አለችኝ።

አማርኛን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«እኔም» አለች። እጇን ዘርግታ ስልኬን ወሰደች፤ ደወሉን በድሮው የኢስትሊ መነሻ ሰዓቷ ሞላችውና ከራሷ ትራስ ሥር አደረገችው።